የጨርቅ አሻንጉሊት መሥራት ለምታስቡ፦ ከልብሷ በፊት አካሏን

«የጨርቅ አሻንጉሊት መሥራት አምሮኛል፣ ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ቀድመው የሚያሳዩኝ ልብስ ነው። ጥለቱ ያማረ ቁራጭ፣ ጥቂት ዶቃ፣ ከእናታቸው ሻሽ የተረፈች ጨርቅ። ይሄን ላለብሳት ነው ይላሉ። አካሏስ? «እሱማ ምን አለው፣ ጥጥ ጠቅጥቆ መስፋት ነው።»

ሥራው ያለው ግን እዚያ ነው። ልብስ የሚያምረው ትከሻ ሲያገኝ ነው። ትከሻና ወገብ የሌላት አሻንጉሊት የፈለገ ውድ ጥበብ ብታለብሷት የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ትራስ ናት። እኔ አዲስ አበባ እቤቴ ቁጭ ብዬ ለጌጥ የሚሆኑ የጨርቅ ሰዎች እሠራለሁ። አንዳንዴ ለልጅ መጫወቻም እሠራለሁ። ከዚህ በታች ያለው በእጄ ሠርቼ ያየሁት ነው። ሌላው በሌላ መንገድ ይሠራ ይሆናል፣ ያምርለታልም።

ነገሩ ለኛ ባዳ አይደለም። ገጠር ያደጉ ሴቶች ሲያወሩ ስሙ። እሸት በቆሎ አዝለው፣ ፀጉሩን ሹሩባ እየሠሩለት ነው ያደጉት። እንጨት አጣምረው ጨርቅ የጠመጠሙም አሉ። እኛ የጨመርነው መቀስና ትዕግሥት ነው።

ለአካል የምጠቀመው አቡጀዲ ነው። መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ሱቆች ጋ አይጠፋም። ከሌላው ረከስ ይላል። ሽመናው ጥብቅ ስለሆነም ሲሞላ ይችላል። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ የቲሸርት ዓይነቱን፣ ለጀማሪ አልመክርም። ስትሞሉት ደስ ባለው በኩል ያብጣል። ክንድ አስባችሁ ባት ይወጣላችኋል።

አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለበት። ድርቅ ማለቱ ለመቁረጥ ቢመችም አትመኑት። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰበውን ያህል ከመቆረጡ በፊት ይሰብሰብ። ቀለምም ቢሆን ስታርቹ ካልወጣ እኩል አይይዝም።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነጭ አቡጀዲ የማንንም ቆዳ አይመስልም። ሱቅ ያለው ቡኒ ፖፕሊን ደግሞ ሁሉንም አሻንጉሊት አንድ ያደርጋቸዋል። እኛ ጠይም እንላለን፣ ቀይ እንላለን፣ ቀይ ዳማ እንላለን፣ ጠቆር ያለ እንላለን። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ እህትማማቾች እንኳ መልካቸው አይገጥምም። ስለዚህ ራሴ እነክራለሁ። ሻይ ቅጠል ጠንከር አድርጌ አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ የታጠበውን ጨርቅ እርጥቡን እከትበታለሁ። ቶሎ ቶሎ አገላብጠዋለሁ። ዝም ብሎ ከተቀመጠ እጥፋቱ ላይ ዝንጉርጉር ይሆናል። እርጥቡን አይታችሁ «በቃ ደረሰ» አትበሉ፤ ሲደርቅ ይፈዛል። አንዴ የተነከረው ቀላ ያለ ይሆናል። ደርቆ ደግሞ ሲነከር ወደ ጠይም ይሄዳል። ሻይ ብቻውን ከጠይም አያልፍም። ጠቆር ላለች ሴት ቡኒ የጨርቅ ቀለም መግዛት ነው።

ቡናስ? ቡናም ይሆናል። ብዙ ሰው ግን አተላውን ነው የሚያስበው። ከአቦል እስከ በረካ የፈላ አተላ ቀለሙን ለስኒው ሰጥቶ ጨርሷል። ለጨርቅ የሚሆነው ያልተጠጣ ቡና ነው፣ በዛሬ ዋጋ ደግሞ ያንን ለአቡጀዲ ማፍሰስ አንጀት ይበላል። ሻይ ይሻላል። ድስቱ የብረት አይሁን። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጨርቁን አመድማ ወይም ጥቁር ያደርገዋል፣ ከርሞም ያሳሳዋል። አይዝጌ ወይም ሸክላ ቅብ ድስት ይሁን። ፊቷም፣ እጇም፣ እግሯም ከአንድ ድስት ይውጡ። ነገ እንደገና አፍልቼ ያንኑ ቀለም አመጣለሁ ብትሉ አታመጡትም።

ቀለሙ የምር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኬነዝ ክላርክና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ባልና ሚስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ለጥቁር ሕፃናት ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች እያሳዩ ጥሩዋ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቋቸው። ብዙዎቹ ነጯን መረጡ። ጥናቱ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት በዘር መለያየትን ሲሽር ከጠቀሳቸው አንዱ ሆነ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ የኛ እናቶች ትእዛዝ ሲልኩልኝ ስለ ቀሚሱ የሚጽፉት አንድ መስመር ነው። የቀረው ሁሉ «ጠይምነቷ እንደ ልጄ ይሁን፣ ፀጉሯ እንደ ልጄ ይከርደድ» ነው። ይገባኛል።

ወደ መቀሱ። ጨርቅ በድሩ፣ በርዝመቱ በሚሄደው ክር፣ በኩል ስትስቡት እምቢ ይላል። በማጉ፣ አግድም በሚሄደው፣ በኩል ትንሽ ይሰጣል። በሰያፍ ከሳባችሁት ግን ይለጠጣል። የክንድና የእግር ርዝመት ሁሌም በድሩ አቅጣጫ ይሁን። ሁለቱ እግሮች በተለያየ አቅጣጫ ከተቆረጡ ሲሞሉ አንዱ ይረዝማል፣ እና አሻንጉሊቷ ሳትራመድ ታነክሳለች።

ፓተርኑን በካርቶን አውጡ። እርሳስ አቡጀዲ ላይ ይለቃል፤ እኔ የሳሙና ስባሪ አሹዬ ነው የማሰምረው፣ ሰፊዎቹም እንደዚያ ያደርጋሉ። ከዚያ ጨርቁን ሁለት አድርጋችሁ፣ መስመሩን አስምራችሁ፣ ሳትቆርጡ ስፉት። መቀሱ ከስፌቱ በኋላ ይምጣ። ቀድሞ የተቆረጠ ትንሽ እጅ መኪና ሥር ገብቶ ይንሻፈፋል። ስፌቱ ደቃቅ ይሁን፣ መኪናው ላይ ቁጥር 2 ወይም ከዚያ በታች። መኪና የሌላችሁ በእጅ፣ መርፌዋን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ፤ ጠንካራ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ስፌቱ ካለቀ በኋላ ግማሽ ሳንቲ ያህል ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ። አንገቷና ብብቷ ጋ፣ ጎበጥ የሚለው ቦታ ሁሉ፣ ትርፉን በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፣ ስፌቱን ሳትነኩ። ይህን ካላደረጋችሁ አንገቷ ሲገለበጥ ይጨማደዳል።

ቀጭን ክንድ መገልበጥ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው። የእስክርቢቶ ባዶ ቀፎ ፈልጉ። ቀፎውን በክፍቱ በኩል እስከ እጇ ጫፍ አስገቡት። ከውጭ ደግሞ ጫፉ ላይ ድፍን እንጨት፣ የሹራብ መርፌ ደንደስ ለምሳሌ፣ አድርጋችሁ ወደ ቀፎው ውስጥ ግፉ። ጨርቁ ቀፎው ውስጥ እየገባ ራሱ ይገለበጣል። ሹል ነገር አይሁን፣ ይበሳዋል።

አሁን ሙሌቱ። እዚህ ጋ ነው አሻንጉሊት የሚሞተው ወይም የሚነሳው።

ጥጥ ደስ ይላል። ፍሬው ወጥቶ የተነደፈ ባዘቶ ከሆነ ክብደትም ሙቀትም አለው፣ ስትይዙት ሰው የያዛችሁ ይመስላል። ችግሩ ውኃ ነው። አንዴ ከራሰ ይቋጠራል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ስለዚህ ባዘቶን ለማይታጠቡ፣ መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጡት ብቻ ነው የምጠቀመው። ለልጅ የሚሆነውን በትራስ ፋይበር እሞላለሁ። ስፖንጅ አልወድም፤ ቁርጥራጩ በጨርቁ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጨርቅ ብጣሽ በደቃቁ ከተከተፈ ለሆዷና ለመቀመጫዋ ይሆናል፣ ከበድ ስለሚል ያስቀምጣታል። ይህ የዛሬ ፈጠራም አይደለም። የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በሮማውያን ዘመን ግብፅ የተሠራች የበፍታ አሻንጉሊት አለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ብጣሽ ጨርቅና ፓፒረስ ነው።

ብዙዎች ደግሞ እንድትከብድ ብለው ምስር ወይም ስንዴ ይጨምራሉ። እባካችሁ ተዉት። ነቀዝ ይወልዳል፣ አይጥም ይጠራል። ኬተ ክሩዘ የምትባለው ጀርመናዊት ኋላ ስመ ጥር የአሻንጉሊት ሠሪ ሆነች እንጂ፣ ለልጇ የሠራቻት የመጀመሪያዋ አሻንጉሊት አሸዋ የተሞላ ፎጣ ነበረች፣ ጭንቅላቷም ድንች! አሸዋው ጥሩ ሐሳብ ነው። ድንቹን እንርሳው። እኔ የታጠበና በፀሐይ የደረቀ ደቃቅ ጠጠር በወፍራም ጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ መቀመጫዋ ውስጥ እከታለሁ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ለጠባብ ቦታ፣ ለእጅና ለእግር ጫፍ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ፋይበር እየቆነጠራችሁ። ለጭንቅላት ግን በተቃራኒው፣ አንድ ትልቅ ክምችት በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ እየጨመሩ ወደ ውጭ መግፋት። ጭንቅላትን በትንንሽ ቁንጥር ከሞላችሁት ጉንጯ እባጭ እባጭ ይሆናል፣ ያንን ደግሞ ምንም ጥልፍ አይሸፍነውም። «ሞላ» ካላችሁ በኋላ እንደገና ጨምሩ። አንገት ላይ ጨክኑ። አንገቷ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ይሞላ። ለጌጥ ለሚሆኑት ከጭንቅላቷ እስከ ደረቷ የሚደርስ ጫፉ የደነዘ ስንጥር እጨምራለሁ። ለልጅ መጫወቻ ግን ስንጥርም ሽቦም አይገባም፤ አንድ ቀን ጨርቁን ወግቶ ይወጣል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የፕላስቲክ ዓይን አይታሰብም። ይነቅለዋል፣ ይውጠዋል። ዓይኗን በክር ጥለፉት።

እንድትቀመጥ ከፈለጋችሁ ጭኗና ወገቧ የሚገናኙበትን ሳትሞሉ ተዉና በላዩ ላይ አግድም ስፉበት። እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ጉልበቷም እንደዚያው።

ለምን ስለ መቀመጥ እንደማወራ ልንገራችሁ። ገበያ ላይ ያሉት የጨርቅ አሻንጉሊቶች በአብዛኛው ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ፈገግ ያሉ ናቸው። ገዢውም የሚጠይቀው «የየትኛው ብሔረሰብ ናት?» ብሎ ነው። ልብሱን አይቶ ስም ይሰጣታል፣ አለቀ። እኔ የምወደው አንድ የተወሰነ ሰው መሥራት ነው። ጀበና ቡና የምትሸጠውን የሰፈራችንን ልጅ ተመልከቷት። በርጩማዋ ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቷ ከወገቧ ከፍ ይላል። ስትቀዳ ጀበናው ካለበት ጎን ትከሻዋ ይነሳል፣ አንገቷ ወደዚያው ዘንበል ይላል። ያንን ዘንበል ማለት ካገኛችሁት ልብሷ ተራ ሹራብና ጉርድ ቢሆን እንኳ ያያት ሁሉ «ውይ፣ ቡና ሻጯ!» ይላል። እኔ ከመቁረጤ በፊት ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሊስትሮው እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ ቆሎ ሻጯ እናት ድካሟን የምታሳርፈው በየትኛው ጎኗ እንደሆነ።

ፊት ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁለት ጥቁር ራስ ያላቸው ስፒሎች ዓይኗ ቦታ ላይ ሰክታችሁ ራቅ ብላችሁ እዩዋት። ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ እዩ። ትንሽ አራርቁ፣ እዩ። በሚሊ ሜትር ነው ሰው የምትቀየረው። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ግንባር ይሰቅለዋል፤ ትክክለኛ ቦታው ከጭንቅላቷ አናት እስከ አገጯ ካለው ርቀት መሐል ላይ ነው። ልጅ እንድትመስል ከፈለጋችሁ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ይበል። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክር አለው። ሁለቱን ብቻ ነጥላችሁ ጥለፉ። ለቅንድብ አንድ ይበቃል። በስድስቱም ከጠለፋችሁ የምታኮርፍ ትሆናለች።

ለአፍንጫ ረጅም መርፌ ያስፈልጋል፣ የፍራሽ ዓይነት። ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም ይሁን። ከማጅራቷ በኩል፣ ፀጉር በሚሸፍነው ቦታ አስገቡና በአንዱ የአፍንጫ ጎን አውጡ። ከሥሩ ያለውን ፋይበር በመርፌው ጫፍ ወደ ላይ ጎትታችሁ ሰብሰብ አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን ተሻገሩ። ክሩን ቀስ ብላችሁ ስትስቡ አፍንጫው ከጨርቁ ውስጥ ብቅ ይላል። ይህችን ደቂቃ በጣም እወዳታለሁ። ብዙ አትሳቡ፣ ይጨማደዳል።

ፀጉር ላይ ሀብታም ነን። ጥቁር የሹራብ ክር ይበቃል። ሰው ሠራሹ የሹሩባ ፀጉር ያብለጨልጫል፣ ይንሸራተታል፣ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል። ለሹሩባ ጭንቅላቷ ላይ ከግንባር ወደ ማጅራት መስመር በሳሙና አስምሩ። ክሩን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ጎንጉኑና ጉንጉኑን መስመሩ ላይ በቀጭን ክር እየያዛችሁ ስፉት፣ ማጅራቷ ጋ ልቀቁት። ለጎፈሬ ክሩን በአጭሩ ቆርጣችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስፉ። ከዚያ ፍተሉን ፍቱና በማበጠሪያ ቦርሹት። ይነፋል። ለወንድ ልጅ ቁንጮ፣ ለሴት ልጅ ጋሜ ስሠራ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ቆመው የሚያዩት። «እኔም እንዲህ ነበርኩ» ብለው ስልካቸውን አውጥተው ያነሷታል።

ልብሷ መጨረሻ ይምጣ። እዚህ ቁም ነገሩ ልክ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር አሻንጉሊት ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ሩብ ናት። እውነተኛው ጥለት 8 ሳንቲ ከሆነ የእሷ 2 ሳንቲ መሆን አለበት። ከትልቅ ቀሚስ ላይ ጥለት ቆርጣችሁ ካለበሳችኋት ጥለቱ ጉልበቷ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ነው ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ሸማኔ ጋ የሄድኩት።

«ጋሼ፣ ጥለቷ ሁለት ሳንቲ ብቻ ትሁንልኝ» አልኳቸው።

«ለሕፃን ነው?»

«አይ፣ ለአሻንጉሊት።»

እጃቸውን ከመወርወሪያው ላይ አንስተው ቀና ብለው አዩኝ። «ለአሻንጉሊት ደግሞ ጥለት! የዘንድሮ ልጆች!» ብለው ሳቁ። ግን ሠሩልኝ፣ ያውም እንዴት አድርገው። ሲያስረክቡኝ «በይ አልብሰሽ አምጪያትና ልያት» አሉኝ። ወስጄ አሳየኋቸው። ቀሚሱን ገልበጥ አድርገው ከውስጥ ስፌቱን አዩና «የእግሯ ስፌት ጥሩ ነው» አሉ። ስለ ልብሱ ምንም አላሉም።

ሸማኔ ማዘዝ ካልቻላችሁ አሮጌ ነጠላ ፈልጉ። ብዙ የታጠበ ነጠላ ለስልሶ ይወድቃል፤ አዲሱ ትንሽ ሰውነት ላይ ሲሆን ገትሮ ይቆማል። አለባበሱን ደግሞ ከሚያውቅ ጠይቁ። አንድ ባዛር ላይ ከኔ ጎን አንዲት ልጅ ያቀረበቻት አሻንጉሊት የነጠላዋ ጥለት ወደ ላይ ዞሮ አንገቷን ከቦ ነበር። በእርግጥ ያምራል። አንዲት እናት ቆም ብለው አዩዋትና «ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶባት ነው?» አሉ። ልጅቷ ግራ ገባት። ጥለቱን ወደ አንገት አዙሮ መልበስ የሐዘን መሆኑን ያስረዷት እሳቸው ናቸው። አብረው አዙረው አለበሷት። ገዟትም።

ስለ ሽያጭ ጥቂት ልበልና ላብቃ። «ይቺ እኮ አሻንጉሊት ናት፣ እንዲህ ይጠራባታል?» የሚል አይጠፋም። አትጣሉት። የፕላስቲኳን ዋጋ በአእምሮው ይዞ ነው የመጣው። እናንተ ግን ሰዓታችሁን ጻፉ። መቁረጥ፣ መስፋት፣ መሙላት፣ ፀጉር፣ ፊት፣ ልብስ። በተለይ ፀጉሩ ከምታስቡት በላይ ይወስዳል። የጨርቁንና የክሩን ወጪ ብቻ ደምሮ ዋጋ የሚያወጣ ሰው በነፃ እየሠራ ነው። ከእያንዳንዷ ጋር ትንሽ ወረቀት አድርጉ፦ ከምን እንደተሠራች፣ እንደምትታጠብና እንደማትታጠብ፣ በሻይ የተነከረች ከሆነም ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጥ፣ ቀለሟ ይነሳልና።

የስጦታ ዕቃ ሱቆች ብዙውን ጊዜ «አስቀምጪና ሲሸጥ እንከፍላለን» ይላሉ። አሠራሩ መጥፎ አይደለም። እኔ ግን አንዱ ጋ ያስቀመጥኳቸውን ከነገንዘባቸው አጥቻለሁ። ባለቤቱ «እኔ አልተረከብኩም» አለ፣ በእጄም ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምሰጠው በወረቀት ነው። የእያንዳንዷ ፎቶ፣ ብዛታቸው፣ ዋጋቸው፣ የሱቁ ድርሻ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ቆሽሻ ወይም ተቀድዳ ብትመለስ ማን እንደሚከፍል፣ የሁለታችንም ፊርማ። ለመፈረም የሚያቅማማ ሱቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ አሻንጉሊቶቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።